ዊሊስ በወደቀበት ሰኞ ማታ

እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1962 ሐርሺ በምትባል አነስተኛ የፔንሲልቬንያ ከተማ ዊልት ቻምበርሌን በአንድ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ብቻውን 100 ነጥብ አስቆጠረ። በአሜሪካ ዋናው የቅርጫት ኳስ ሊግ እስከ ዛሬ ማንም ያልደረሰበት ክብረ ወሰን ነው። ያ ሁሉ መዓት የወረደባቸው ተጋጣሚዎች የኒው ዮርክ ኒክስ ልጆች ነበሩ። እዚህ የምጠራቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የቻምበርሌንን ስም ግን አንባቢ ከአሁኑ ይያዝልኝ፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ኒክስ በዚያ ዘመን የደጋፊን አንጀት የሚያሳርር ቡድን ነበር። በ1946 ከተመሠረተ ጀምሮ አንድም ዋንጫ አላነሣም። በ1951፣ በ1952 እና በ1953 ሦስት ዓመት በተከታታይ ለፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ጊዜ ባዶ እጁን ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ፍጻሜን የሚያየው በሩቁ ነው። የአሜሪካ ትልቁ ከተማ ቡድን፣ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የሚጫወት ቡድን፣ የሌሎችን ዋንጫ ሲቆጥር ኖረ።

በ1964 ከሉዊዚያና ዊሊስ ሪድ የሚባል ወጣት መጣ። ያደገው በርኒስ በምትባል ትንሽ ከተማ ሲሆን የተማረው ጥቁር አሜሪካውያን በሚማሩበት ግራምብሊንግ ኮሌጅ ነው። ኒክስ የወሰደው በሁለተኛው ዙር ምርጫ ነበር፤ በመጀመሪያው ዙር ማንም አልጠራውም። እሱ ግን በገባበት ዓመት የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ከምናምን ነው፤ ቅርጫት ሥር ለሚቆም ሰው የተለየ ረጅም አይባልም። ትከሻው ግን ሰፊ ነበር፤ ግራኝ ስለሆነም ከራቅ ካለ ቦታ የሚወረውራት ኳስ ለተከላካይ ታስቸግራለች።

ክለቡ ብዙም ሳይቆይ ዋልት ቤላሚ የሚባል ሌላ ሴንተር፣ ማለትም ቅርጫት ሥር የሚቆም ተጫዋች፣ አስመጣና ሪድን ከቦታው ገፋው። ለሦስት ዓመት ያህል ያለ ቦታው ተጫወተ። ይህ ስሕተት የታረመው በዲሴምበር 1968 ነው። ቤላሚና ሃዊ ኮማይቭስ ወደ ዲትሮይት ሄዱ፤ በምትካቸው ዴቭ ደበሸር መጣ፤ ሪድም ቅርጫቱ ሥር ወዳለው ቦታው ተመለሰ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አሰልጣኝነቱን የተረከበው ሬድ ሆልዝማን የሚፈልገውን ሰው አገኘ። ሆልዝማን ነገር የማያበዛ ሰው ነበር። ተጫዋቾቹን ሌት ተቀን የሚወተውታቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ስትከላከሉ ዓይናችሁ ከኳሷ አይነቀል፣ ስታጠቁ ነጻ ለቆመው አቀብሉ።

የቡድኑ ስብጥር የሚገርም ነበር። ዋልት ፍሬዘር ከሰው እጅ ኳስ ሲነጥቅ እጁ አይታይም። ቢል ብራድሊ ከፕሪንስተን ተመርቆ በኦክስፎርድ የተማረ፣ በኋላም የኒው ጀርሲ ሴናተር የሆነ ሰው ነው። ደበሸር ከቅርጫት ኳስ ጎን ለጎን ለቺካጎ ዋይት ሶክስ ቤዝቦል ተጫውቷል፤ በዲትሮይትም ገና በ24 ዓመቱ ተጫዋችም አሰልጣኝም ነበር። ዲክ ባርኔት ሲወረውር እግሮቹን ወደ ኋላ የሚያጥፍ፣ አወራወሩ ከማንም የማይመስል ተኳሽ ነው። ከተቀያሪ ወንበር የሚነሡት ደግሞ ካዚ ራስል፣ ማይክ ሪዮርዳንና ዴቭ ስታልዎርዝ ናቸው። ስታልዎርዝ በ1967 የልብ ሕመም አጋጥሞት ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ከሜዳ ርቆ ነበር። ጨዋታ አበቃለት ሲባል በ1969 ተመለሰ። ፊል ጃክሰንም በዚያ ቡድን ውስጥ ነበረ፤ ጀርባው በቀዶ ሕክምና ተጠግኖለት ስለነበር ዓመቱን ካሜራ ይዞ ጓደኞቹን ሲያነሣ አሳለፈ።

በ1969 መጸው ይህ ቡድን 18 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፤ እስከዚያ ቀን በሊጉ ታይቶ አይታወቅም። አሥራ ስምንተኛው የተገኘበትን መንገድ ሳልናገር አላልፍም፤ ኋላ ለሚመጣው ነገር ፍንጭ አለበትና። ሲንሲናቲን ሲገጥሙ 16 ሰከንድ ሲቀር በ5 ነጥብ እየተመሩ ነበር። የሦስት ነጥብ መስመር በሊጉ ገና ከመጣሉ አሥር ዓመት በፊት ስለሆነ አምስት ነጥብ ማለት ቢያንስ ሦስት ቅርጫት ነው። ሪድ ሁለት የቅጣት ውርወራ አገባ። ደበሸር የሲንሲናቲውን የቦብ ኩዚን ቅብብል ነጥቆ አስቆጠረ። ሪድ አንዲት ኳስ ከተጋጣሚው እጅ መታት፤ ፍሬዘር አነሣት፤ ጥፋት ተሠራበት፤ ሁለቱንም ውርወራ አገባ። 106 ለ105።

የውድድር ዘመኑን በ60 ድልና በ22 ሽንፈት ጨረሱ። ሪድ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ሆነ። በጥሎ ማለፉ ባልቲሞር እስከ ሰባተኛው ጨዋታ አሰቃያቸው፤ ሉ አልሲንዶር የሚባለውን ጀማሪ፣ በኋላ ከሪም አብዱል ጀባር የተባለውን፣ የያዘው ሚልዋኪ ግን በአምስት ጨዋታ ተሰናበተ። ሪድ ከባልቲሞሩ ዌስ አንሰልድ ወደ አልሲንዶር፣ ከአልሲንዶር ወደ ቻምበርሌን ነው የተሻገረው። አንዱን ግንብ ሲገፋ ከርሞ ሌላው ይቆምበታል። ጉልበቱንም ያመው ጀምሮ ነበር።

የፍጻሜው ተጋጣሚ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ነው። እነሱም የራሳቸው ቁስል ነበራቸው። ከ1962 እስከ 1969 ስድስት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሰው ስድስቱንም በቦስተን ተሸንፈዋል። አሁን የቦስተኑ ቢል ራስል ጫማውን ሰቅሏል። ጄሪ ዌስትና ኤልጂን ቤይለር ዋንጫ ሳይነኩ ዕድሜያቸው እየሄደ ነው። ቻምበርሌንም በዚያው የውድድር ዘመን ጉልበቱ ተጎድቶ ወራት ከተኛ በኋላ ለጥሎ ማለፉ ደርሷል። ቁመቱ ሁለት ሜትር ከ16፣ ክብደቱ ከ120 ኪሎ በላይ ነው።

አፕሪል 24 ቀን የመጀመሪያውን ጨዋታ ኒክስ 124 ለ112 አሸነፈ፤ ሪድ 37 ነጥብ። ሁለተኛውን ሌከርስ በሁለት ነጥብ ወሰደ። በሦስተኛው፣ ሎስ አንጀለስ ላይ፣ ደበሸር ሦስት ሰከንድ ሲቀር ኒክስን 102 ለ100 አስቀደመ። ዌስት ኳሷን ተቀብሎ ከራሱ ሜዳ፣ 18 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሆኖ ወረወራት፤ ገባች። ዛሬ ቢሆን ሦስት ነጥብ ሆና ጨዋታው ያኔውኑ ያበቃ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ሕግ ሁለት ነጥብ ስለሆነች እኩል ሆኑ። ኒክስ በተጨማሪው ሰዓት አሸነፈ። በአራተኛው ደግሞ በተጨማሪ ሰዓት ተሸነፈ። ሁለት ለሁለት ሆነው ወደ ኒው ዮርክ ተመለሱ።

አምስተኛው ጨዋታ የዋለው ሰኞ፣ ሜይ 4 ቀን 1970 ነው። በዚያው ዕለት እኩለ ቀን ላይ ኦሃዮ ውስጥ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች በተቃዋሚዎች ላይ ተኩሰው አራት ተማሪዎች ገድለዋል። ወደ ጋርደን የገባው 19,500 ሰው ይህን ወሬ በጆሮው ይዞ ነው የተቀመጠው።

ጨዋታው ከተጀመረ ስምንት ደቂቃ ያህል ሆኖታል። ሌከርስ 25 ለ15 ይመራል። ሪድ ኳሷን ይዞ በቻምበርሌን ጎን ወደ ቅርጫቱ ሊያልፍ ሲሞክር ቀኝ ጭኑ ከዳው። ወደቀ። ሊነሣ ሲሞክር አልቻለም። ከጭኑ ወደ ዳሌው የሚወጣው ጡንቻ ተሰንጥቆ ነበር። ደግፈው ወደ መልበሻ ክፍል አስገቡት፤ በዚያ ማታ ተመልሶ አልወጣም።

አሁን የሆልዝማንን ችግር አስቡት። የዓመቱ ኮከብ የለም። ማዶ የቆመው 100 ነጥብ ያስቆጠረው ሰው ነው። በተቀያሪ ወንበር ላይ ያለው ሴንተር ኔት ቦውማን ነው፤ እሱን አስገባ። ቀጥሎ ብዙም የማይሰለፈውን ቢል ሆስኬትን ሞከረ። በመጨረሻ አንድ ሜትር ከ98 የሆነው ደበሸር ራሱ ቻምበርሌን ላይ ቆመ። እስከ እረፍት በዚህ ሁኔታ ተጎተቱ፤ 53 ለ40 እየተመሩ ገቡ። በ13 ነጥብ ብቻ መመራታቸው ራሱ ይደንቀኛል።

በእረፍቱ ሰዓት ሐሳቡን ያመጣው ብራድሊ ነው። ሴንተር ከሌለን እንዳለን ሆነን ለምን እንጫወታለን? አንድ ሰው ከፊት፣ ሦስት ሰው በመሃል በአግድም፣ አንድ ሰው ከኋላ ዳር ይቁም። ኮሌጅ ሳሉ ቦታ ይዞ የሚከላከል ቡድን ሲገጥማቸው የሚጠቀሙበት አሰላለፍ ነው። ይህን አቋቋም ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ የቡድኑ ነፍስ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ቻምበርሌን ቅርጫቱ ሥር ተተክሎ መቆም ይወዳል፤ ጉልበቱም ገና አልጠናም። ከፊቱ እሱን የሚያክል ሰው ሲቆም ሥራው ግልጽ ነው። አሁን ግን ቅርጫቱ ሥር ማንም የለም። የሚጠብቀው ሰው ዳር ወጥቶ ቆሟል። ተከትሎት ቢወጣ ቅርጫቱ ባዶ ይሆናል፤ ፍሬዘርና ባርኔት ሰተት ብለው ይገባሉ። ባይወጣ ዳር ያለው ሰው ያለ ተከላካይ ይወረውራል። የትኛውንም ቢመርጥ ኒክስ አንድ ነጻ ሰው ያገኛል፤ ነጻ ለቆመው ማቀበል ደግሞ ሆልዝማን ሁለት ዓመት ተኩል ሲያስተምራቸው የኖረው ነገር ነው።

በመከላከሉ በኩልም እንዲሁ አሰቡ። ቻምበርሌን ኳሷን ከያዘ በኋላ ማስቆም እንደማይችሉ ያውቃሉ። ስለዚህ ኳሷ እሱ ጋ እንዳትደርስ ወሰኑ። ደበሸር አንዴ ከፊቱ፣ አንዴ ከጎኑ እየሆነ ይጋፋዋል፤ ሌሎቹ አቀባዮቹን ያጣድፋሉ። ሌከርሶች እዚህ ላይ ተሳሳቱ። ግዙፉ ሰውዬ በአጭር ሰው ሲጠበቅ አዩና ሐሳባቸው ሁሉ ወደ እሱ ማቀበል ሆነ። ያችን ኳስ በግድ ሊያስገቡለት ሲሞክሩ ትነጠቃለች፤ ትመታለች፤ ከመስመር ትወጣለች። በሁለተኛው አጋማሽ ብቻ 19 ጊዜ ኳስ ተበላሸባቸው። ጄሪ ዌስት፣ የዘመኑ አንደኛ ተኳሽ፣ በዚያ አጋማሽ ከሜዳ አንዲት ቅርጫት አላገባም። ቻምበርሌን አራት ነጥብ ብቻ አገኘ።

ደበሸር ጥፋት እየበዛበት ሲመጣ ስታልዎርዝ ተረኛ ሆነ። ከሦስት ዓመት በፊት ልቡ ከድቶት የነበረ ሰው አሁን በዓለም ግዙፉን ተጫዋች በጀርባው ይዞ ይገፋል። በማጥቃቱም ጊዜ ቻምበርሌን ሊያቆመው ሲወጣ በጎኑ ሾልኮ አለፈና ኳሷን ከቅርጫቱ ወዲያ ማዶ ሆኖ በጀርባ በኩል አስገባት። የዚያን ጨዋታ ፊልም ላየ ሰው ከሁሉ የምትቀረው ቅጽበት ይህች ናት። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። በሁለተኛው አጋማሽ ኒክስ 67፣ ሌከርስ 47። ማብቂያው 107 ለ100።

እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ የሚቀረው በዚህ ሰኞ ማታ ላይ ነው። ዋንጫው የተገኘው ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ያን ጨዋታ ቢሸነፉ ኖሮ ስድስተኛው ሎስ አንጀለስ ላይ ይዘጋ ነበር፤ ሰባተኛ የሚባል ባልኖረም፤ ዓለም የሚያወራለት የዊሊስ ሪድ ብቅ ማለትም አይኖርም ነበር።

ስድስተኛው ጨዋታ ለዚህ ምስክር ነው። ሜይ 6 ቀን ሌከርሶች ከስሕተታቸው ተምረው መጡ፤ ቻምበርሌንም ሥራውን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀመረ። 45 ነጥብ አስቆጠረ፤ ከቅርጫት የተመለሱ 27 ኳሶች ለቀመ። ሰኞ የሠራው ዘዴ ረቡዕ አልሠራም። 135 ለ113። ሪድ አልተሰለፈም። ሦስት ለሦስት።

ዓርብ፣ ሜይ 8 ቀን 1970፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 30 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ኒው ዮርክ ክፉ ቀን ዋለች። በዎል ስትሪት አካባቢ ለኬንት ስቴት ሟቾች በተሰለፉ ተማሪዎች ላይ የግንባታ ሠራተኞች ተነሥተው ደበደቧቸው፤ ብዙ ሰው ቆሰለ። የዚያኑ ዕለት ማታ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ባለው አዳራሽ የከተማው ሰው ስለ አንድ ሰው ጭን እየተጨነቀ ተቀመጠ።

ሪድ ሕዝቡ ሳይገባ ቀደም ብሎ ወደ ባዶው ሜዳ ወጥቶ ጥቂት ኳስ ወርውሮ ነበር። መሮጥ አይችልም፤ መዝለል አይችልም፤ መወርወር ግን ይችላል። ተመልሶ ገባና ሐኪሙ ጭኑ ላይ ማደንዘዣ ይወጋው ጀመር። ጡንቻው ወፍራም ስለሆነ መርፌው ረጅም ነው፤ በአንድ ቦታም አልበቃም። ጓደኞቹ ለማሟሟቅ ሲወጡ ይሰለፍ አይሰለፍ አላወቁም። ሁሉም ኳስ እየወረወረ በዓይኑ መውጫውን ያያል፤ ሌከርሶችም እንደዚያው።

ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው 19 ቁጥር ከመተላለፊያው ብቅ አለ። ሕዝቡ ብድግ አለ። ሪድ ቀኝ እግሩን እየጎተተ ወደ ሜዳው ገብቶ ኳስ ተቀበለና መወርወር ጀመረ። ሌከርሶች የራሳቸውን ማሟሟቅ ትተው እሱን ቆመው ያዩ ነበር። ፍሬዘር ይህን ሲያይ ጨዋታው በእጃችን ገባ ብሎ እንዳሰበ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ተናግሯል። የሰው ልጅ ነገር እንዲህ ነው፤ ሌከርሶች ያዩት አንድ አንካሳ ነው፤ ሊደሰቱ ሲገባቸው ደነገጡ።

ዳኛው ኳሷን ወደ ላይ ሲወረውር ሪድ ከቻምበርሌን ጋር በመሃል ክቡ ቆመ፤ አልዘለለም። ከዚያ እያነከሰ ወደ ሌከርስ ቅርጫት ሄደ። ቻምበርሌን እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ቀረለት። ኳሷ ለሪድ ተሰጠች፤ ወረወረ፤ ገባች። የጨዋታው የመጀመሪያ ነጥብ። ጥቂት ቆይቶ በቀኝ በኩል ራቅ ብሎ ሳለ ደግሞ ደረሰችው፤ ወረወረ፤ ገባች። በዚያ ማታ ሌላ ቅርጫት አላገባም። አራት ነጥብ፤ ያ ብቻ።

በመከላከሉ ግን ሥራ ነበረው። ጤነኛ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ በክንዱና በደረቱ ቻምበርሌንን ከቅርጫቱ ሁለት ሦስት እርምጃ ያርቀዋል፤ እግሩ ባይሄድም ክብደቱ አልጠፋም። በእረፍት ሌላ መርፌ ተወጋ። በድምሩ 27 ደቂቃ ተጫወተ።

የቀረውን የሠራው ዋልት ፍሬዘር ነው። ከሜዳ 17 ወርውሮ 12 አገባ፤ ከቅጣት መስመር 12 ወርውሮ አንድም አልሳተም። 36 ነጥብ። ሌሎች እንዲያስቆጥሩ ያቀበላቸው ኳሶች ደግሞ 19 ናቸው። አንድ ጊዜ ኳሷን ከዌስት እጅ ነጥቆ ብቻውን ሮጦ ሲያስገባ ጥፋት ተሠራበት፤ ያንንም ጨመረ። የሎስ አንጀለሱ ዌስትም እጆቹን ታሞ ነበር የተጫወተው፤ የእሱ ሕመም ግን በሪድ ታሪክ ተውጦ ቀረ። እረፍት ላይ 69 ለ42 ነበር። ቻምበርሌን ከ11 የቅጣት ውርወራ አንድ ብቻ አገባ። መጨረሻው 113 ለ99። ኒክስ በ24ኛው ዓመቱ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሣ።

የፍጻሜው ኮከብ ማን እንደሆነ ሲነገር የተጠራው ዊሊስ ሪድ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የሊጉን፣ የኮከቦች ጨዋታንና የፍጻሜን ሦስቱንም ኮከብነት የወሰደ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። አልቀናበትም፤ በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ቡድኑን ተሸክሞ እዚያ ያደረሰው እሱ ነው። ፍሬዘር ግን በታሪክ ከተደረጉ የሰባተኛ ጨዋታ ብቃቶች ሁሉ ከሚልቁት አንዱን አሳይቶ፣ ሰው የሚያወራው ስለ ሁለቱ ቅርጫት መሆኑ ያሳዝነኛል።

በ1973 እነዚሁ ሁለት ቡድኖች በፍጻሜው እንደገና ተገናኙ፤ ኒክስ በአምስት ጨዋታ አሸነፈ፤ ኮከቡ አሁንም ሪድ ሆነ። ጉልበቱ ግን ከዚያ ወዲያ አልፈቀደለትም። በ1974 ጫማውን ሰቀለ። በ1976 ክለቡ 19 ቁጥር ማሊያውን ማንም እንዳይለብሰው ወስኖ በጋርደን ጣሪያ ሥር አንጠለጠለለት፤ በኒክስ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። በማርች 2023 በ80 ዓመቱ አረፈ።

ዛሬ ከ19 ጎን የፍሬዘር 10፣ የባርኔት 12፣ የደበሸር 22 እና የብራድሊ 24 ተሰቅለዋል። ለሆልዝማንም በአሰልጣኝነት ያሸነፋቸው ጨዋታዎች ቁጥር፣ 613፣ ተሰቅሎለታል። ስታልዎርዝ በዚያ ሰኞ ማታ የለበሰው 9 ቁጥር እዚያ የለም።